የሚተነፍሰው ግድግዳ

መስከረም 18

ለማሙዬ፣

ይህ ወረቀት ወደብ ላይ ይድረስህ ባሕር መሃል አላውቅም፤ የትም ቢደርስህ ጤና ሆነህ ያግኝህ። ስድሳ ዓመት ያለፈውን ሰው "ማሙዬ" ማለቴን እንደማልተው ታውቃለህ። አብረውህ የሚሠሩት እንዳይስቁብህ ደበቅ ብለህ አንብበው።

"ምነው ያለፈው ደብዳቤሽ አጠረ፣ አዲሱ ቤት አልተስማማሽም እንዴ?" ብለኸኛል። ቤቱስ ምን ይወጣለታል። ደረጃው ለጉልበቴ አይከፋም፣ በመስኮቱ ፀሐይ ይገባል። ወጥ ቤቷ ጠባብ ስለሆነች ፍሪጁን ያቆምኩት መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከጎረቤት ጋር የምንጋራው ግድግዳ ሥር ነው። እሱንም ለምጄዋለሁ።

ያላጫወትኩህ ሌላ ነገር አለ። ግድግዳው ይተነፍሳል።

አትሳቅ። ው...ው...ው እያለ ከፍ ይላል፣ ደግሞ ይወርዳል፣ እንደገና ይነሳል። አንዳንዴ ከባድ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ይመስላል። ልብ ብዬ ሳዳምጠው ደግሞ አፉን በትራስ አፍኖ የሚያለቅስ ሰው ይሆንብኛል። ይመጣል፣ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ጋደም ስል ይጀምራል፤ ተነስቼ ግድግዳውን በእጄ ስነካው እጄ ሥር ይንቀጠቀጣል።

ልጄን ጠራሁት። ከሚስቱ ጋር መጣና ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆመ። ምንም የለም! ያን ቀን ግድግዳው አፉን ዘጋ፤ አሳፈረኝ። "እማዬ፣ ብቻሽን ስለምትውዪ ነው" አለኝ። ደረጃውን ሲወርዱ ምራቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ጀምሯቸዋል እኮ" ስትል ሰማኋት። ጆሮዬ እንደሆነ የማይፈለገውን ለመስማት ማን ብሎት።

አሁን ሐኪም ቤት ሊወስደኝ ቀጠሮ ይዞልኛል። ከዚያም ይህን ቤት ዘግቼ እነሱ ጋ በአንዲት ክፍል እንድቀመጥ ይፈልጋል። ልጄ ክፉ አይደለም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼ በስተርጅና ያገኘሁትን በር በገዛ ቁልፌ መክፈት ገና አልጠገብኩም።

አንተ ዘመንህን ከሞተር ጋር የኖርክ ሰው ነህ። እውነቱን ንገረኝ፤ ጀምሮኛል? የስልክ ቁጥር ካለህ ላክልኝና ስልኩን ግድግዳው ላይ ደግኜ ላሰማህ። አንተ ሰማሁ ካልክ ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ የለኝም።

እህትህ


ጥቅምት 5

እትዬ፣

በመጀመሪያ አልጀመረሽም። ይህን አንብበሽ እፎይ በይና ቀሪውን ሻይሽን እየጠጣሽ አንብቢው።

ደረጃው ለጉልበትሽ ካልከፋ ደስ ብሎኛል፤ እኔም ደህና ነኝ። ስልኩን ግን ተዪው፣ እዚህ ያለሁበት ስልክ አይመችም። ይልቅ በወረቀት ልንገርሽ።

ልብስ ስፌት ፋብሪካው የሠራሽበትን ጊዜ አስታውሺ። አጠገብሽ ከምትቀመጠዋ ጓደኛሽ ጋር ሁለታችሁም ረጅም ስፌት ትሰፋላችሁ። መኪኖቻችሁ በእኩል ፍጥነት የሚሄዱ ይመስላሉ እንጂ አንዷ በትንሽ ትቀድማለች። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱ መርፌዎች አብረው ይወርዳሉ፤ ያኔ ድምፁ ይጠነክራል። ከዚያ አንዷ ቀስ እያለች ታመልጣለች፤ የአንዷ መርፌ ሲወርድ የሌላዋ ይወጣል። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ይገናኛሉ።

ሁለት ሞተሮችም እንደዚያ ናቸው። አንዱ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ቢንቀጠቀጥ፣ ሌላው ደግሞ ከሃምሳ እፍኝ የማትሞላ ቢጎድል፣ ጆሮሽ ለየብቻ አይለያቸውም። አንድ ድምፅ ነው የምትሰሚው። ሁለቱ ባንድ ወገን ሲገፉ ያ ድምፅ ያብጣል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲስብ ደግሞ ይጠፋፋሉና ይሟሽሻል። እኛ ሠራተኞቹ ይህን እብጠት "ምት" እንለዋለን። ሞተሮቹ በተቀራረቡ ቁጥር ምቱ ይዘገያል። ያንቺው እንደ ትንፋሽ የሚዘገይ ከሆነ እጅግ የተቀራረቡ ናቸው ማለት ነው።

አንደኛው ሞተር ፍሪጅሽ ይመስለኛል። ፍሪጅ ሲበርድ ይተኛል፣ ሲሞቅ ይነሳል፤ ልጅሽ የመጣ ቀን ተኝቶ ይሆናል። እንዲህ አድርጊ፦ ግድግዳው መተንፈስ ሲጀምር የፍሪጁን ሶኬት ንቀዪ። ትንፋሹ ቆሞ ቀጥ ያለ ደካማ ጉምጉምታ ብቻ ከቀረ፣ ሌላው ሞተር ከግድግዳው ወዲያ ነው። ሁሉም ጭጭ ካለ ተሳስቻለሁና ሌላ እናስባለን።

ያገኘሽውን ጻፊልኝ። ለሐኪም ቀጠሮው ግን ሂጂ፤ ለልጅሽ ደስ ይበለው፣ አንቺም ግፊትሽን ትለኪያለሽ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 24

ለማሙዬ፣

እጄን ስሜልህ ነው የምጽፈው! ሶኬቱን ነቀልኩ፤ ትንፋሹ ቀጥ አለ። ጉምጉምታው ግን ከወዲያ በኩል ቀረ፣ ልክ አንተ እንዳልከው። መልሼ ሰካሁ። ፍሪጁ እስኪነሳ አልጋዬ ጫፍ ላይ እንደ ተማሪ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ሲነሳ ው...ው...ው። ብቻዬን ሳቅኩ።

ጥበቃውን "እዚህ ከጎኔ ማን ነው ያለው?" ብዬ ጠየቅኩት። "አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ድሮ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ሳንባቸውን ስለሚያማቸው አይወጡም" አለኝ። ይኸውልህ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ግድግዳ ለግድግዳ ተኝተን ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር።

አንኳኳሁ። ለመክፈት ብዙ ቆዩ። አፍንጫቸው ላይ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ቱቦው እስከ መኝታ ቤት ይጎተታል። እዚያ አንድ ሻንጣ የሚያህል የኦክስጅን ማሽን ግድግዳዬን ተደግፎ ያጉረመርማል።

"ይቅርታ፣ ጎረቤትዎ ነኝ" አልኩ። "ስለ አንድ ድምፅ ልጠይቅዎ ብዬ ነው።"

ፊታቸው ተለወጠ። "እርስዎም ይሰማዎታል?"

"ይሰማኛል እንጂ!"

ግድግዳውን ተደገፉ። "እኔ እኮ እርስዎ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር" አሉ። "አዲስ የገባችው ሴትዮ ሐዘን አለባት ብዬ፣ መጥቼ እንዳላጽናና እግሬ አይረዳኝ፤ ዝም እንዳልል ደግሞ ሰው ነኝ። ስንት ቀን ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ተቀመጥኩ መሰለዎት፣ እያለቀሱ እንዳልረብሽዎ።"

ማሙዬ፣ አለማልቀሴን ስነግራቸው ልቅሶዬ ሊመጣ ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ በሁለት እጄ ጣቶች እየመታሁ፣ አንዱን ትንሽ አፍጥኜ፣ አንተ ያስረዳኸኝን አስረዳኋቸው። "ታዲያ ከሁለታችን ማናችን ነን የምንቀድመው?" አሉኝ። እሱን አልነገርከኝም።

ከዚያ ወዲህ ሻይ ይዤ እሄዳለሁ። ሱሪያቸው ሁሉ ስለሰፋቸው ወገቡን አጠበብኩላቸው። ንግግራቸው አጭር ነው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው አየር ይፈልጋሉ። ሲያርፉ እኔም አርፋለሁ።

ልጄንም ጠርቼ፣ ሶኬቱን ስነቅልና ስሰካ አሳየሁት። አፉን ከፍቶ ቀረ። "እማዬ፣ እውነትሽን ነው ለካ" አለኝ። "ለካ" ያላት ቃል ትንሽ አመመችኝ፣ ግን አሳለፍኳት። ሐኪሙም ከግፊት በቀር ምንም የለብሽም ብሎኛል።

አሁን የምትሄደው ወዴት ወደብ ነው? መቼስ ትመለሳለህ? ባለፈውም የት እንዳለህ አላውቅም ብዬህ ዘለልከው።

እህትህ


ኅዳር 15

እትዬ፣

ዘግይቼ በመመለሴ ይቅርታ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ነው የዘገየሁት፤ በተለይ ሽማግሌው ቴሌቪዥናቸውን ያጠፉበትን።

ማን ነው የሚቀድመው ላሉት፣ በድምፁ ብቻ አይታወቅም። ምቱ የሚነግርሽ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው እንጂ የትኛው እንደሚበልጥ አይነግርሽም። ለማወቅ አንዱን ትንሽ ማፍጠን ወይም ማዘግየት ነው።

እኛም መርከቡ ላይ ሥራችን ይኸው ነበር። ሁለት ትልልቅ ሞተሮች ጎን ለጎን ይዞራሉ። ትንሽ ሲለያዩ መርከቡ በሙሉ ያብጣል፣ ይሟሽሻል፤ ብርጭቆ መደርደሪያ ላይ ይንጫጫል፣ ተኝቶ የነበረው ይነቃል። ያስተማረኝ ሽማግሌ መካኒክ አንደኛውን በትንሽ በትንሹ እንድነካካ ያደርገኝ ነበር። ምቱ ይዘገያል፣ ይዘገያል፣ በመጨረሻም ጠፍቶ ድምፁ እንደ ዘይት ይተኛል። ያኔ ፊቱን አየት አደርገው ነበር። "በቃ" ይላል። ከዚህ ሌላ ምስጋና አልነበረውም።

ምቱ አንዳንድ ቀን ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ አትስጊ። መብራቱ ሲደክም፣ ፍሪጁም ሲሞላ ሞተር ይለግማል።

ስለ ወደቡ የጠየቅሽኝን በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ለፀጉር አስተካካዩ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 20

ወንድሜ፣

እስካሁን ያልጻፍኩት ሆስፒታል ስለነበርኩ ነው። እኔ አይደለሁም የታመምኩት፤ አትደንግጥ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ ፍሪጁ ተነሳ። ድምፁ ቀጥ ያለ ነበር። አንድ ወጥ፣ ምንም የማያብጥ። "ዛሬስ ተገላገልኩ" አልኩና መርፌው ውስጥ ክር አስገባሁ። ከዚያ እጄ ቆመ።

መብራት አልጠፋም፤ የእኔው ፍሪጅ ይሠራል። ታዲያ የእሳቸውስ? እሳቸው ማሽኑን አያጠፉም። ቢያጠፉት መተንፈሻ የላቸውም።

በባዶ እግሬ ወጣሁ። አንኳኳሁ፣ ጮህኩ፣ በሩን በጡጫ መታሁት። መልስ የለም። ጥበቃውን ከላይ ሆኜ ተጣራሁ። መጥቶ "ተኝተው ይሆናላ እማማ፣ የሰው በር ሰብሬ ነገ ምን ልል ነው?" አለኝ።

"እሳቸው ናቸው ያሰበሩኝ በል! ስበረው!"

"እንዴት አወቁ ግን?"

"ግድግዳው ነገረኝ" አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? ያ ሰው በዚያች ቅጽበት "ጀምሯቸዋል" ብሎ ቢሄድ ኖሮ... አልሄደም። ፊቴን አየና በትከሻው ገባበት።

ከዚያ ያለውን አልጽፈውም። ከንፈራቸው ጠይሞ ነበር ልበልህና ይብቃን። ማሽኑ የተሰካበት የሶኬት ማከፋፈያ ተቃጥሎ ኖሯል። ማሽኑ ሲጠፋ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያም ባትሪው አልቆ ኖሯል። ሐኪሟ "ትንሽ ቢቆይ ኖሮ" ብላ ጀምራ ተወችው። ዛሬ ቁጭ ብለው ሾርባ ይጠጣሉ፤ ስሜንም ጠየቁኝ። እስካሁን አለመጠያየቃችን አሳቀን።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

የመጀመሪያው ቀን፣ ውስጥ አስገብተዋቸው መተላለፊያው ላይ ብቻዬን ስቆም፣ ለመርከብ ድርጅትህ ደወልኩ። "አስቸኳይ ነው፣ እህቱ ነኝ፣ መልእክት አድርሱልኝ" አልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሑት ናት፤ ጥቂት ፈልጋ "እማማ፣ እሳቸው እኮ ከለቀቁ ዓመት አለፋቸው" አለችኝ። ተሳስተሻል ብዬ ተከራከርኳት። ደብዳቤዬን የምትልክልህም እሷው ናት ለካ፤ አድራሻህን ግን ያላንተ ፈቃድ አልሰጥም አለች።

ቤቴ ገብቼ የኅዳሩን ደብዳቤህን አወጣሁ። "ሥራችን ይኸው ነበር" ብለሃል። "ነበር" እያልክ ጽፈህልኝ እኔ ሳላስተውል አልፌዋለሁ።

አልተቆጣሁም። ተቆጥቼ ነበር፣ አለፈልኝ። የት ነው ያለኸው? ማን አለህ?

እህትህ


ጥር 12

እትዬ፣

ለቁም ነገር ስትፈልጊኝ አለመኖሬ፣ ከሁሉ በፊት እሱ አመመኝ።

ጆሮዬ ሄዷል። በአንዴ አልሄደም። መጀመሪያ ቀጫጭኑ ድምፅ ጠፋ፤ ፉጨት፣ የማንቆርቆሪያ ጩኸት። ወፍራሙ ቆየልኝ። በኋላ እሱም ሲርቅ ሞተሮቹን በእግሬ ማዳመጥ ጀመርኩ። ምቱ ሲመጣ ወለሉ በጫማዬ ሥር ሲያብጥና ሲሟሽሽ ይታወቀኛል። ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ሥራዬን እስከሠራሁ ድረስ ለማን ብዬ እናገራለሁ አልኩ።

አንድ ቀን ቧንቧ ላይ ጎንበስ ብዬ ስሠራ ባልደረባዬ ከኋላዬ "ዝጋው! ዝጋው!" ብሎ ጮኸ። አልሰማሁትም። እሱ ራሱ ሊዘጋው እጁን ሲሰድ እንፋሎቱ አገኘው። ቁስሉ ድኗል፤ ጣቶቹ ግን እንደ ድሮው አይታጠፉም። ሊጠይቀኝ መጥቶ "ያንተ ጥፋት አይደለም" ብሎኛል። ከንፈሩን አይቼ ነው የተረዳሁት። በማግስቱ ለቀቅኩ።

አሁን ወደቡ አጠገብ፣ ከአንድ ገመድ መሸጫ በላይ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። መስኮቴ ባሕሩን ያሳየኛል። መርከብ ጡሩንባ ሲነፋ ወፎቹ ባንዴ ይበረግጋሉ፤ ያኔ "ነፋ" እላለሁ። ገመድ ሻጩ ደህና ሰው ነው። መጀመሪያ ያወራኝ ነበር፤ ሁለት ሦስቴ "እ?" ስለው ሰላምታውን በእጁ አደረገው። ሌላው ሰውም እንደዚያው ነው። ማንም ክፉ አልሆነብኝም፣ ብቻ ደከሙ።

ስልኩን ግድግዳው ላይ ላሰማህ ባልሽኝ ጊዜ ወረቀትሽን አጥፌ ለብዙ ቀን አልነካሁትም። እንዳልሰማ እንዴት ልንገርሽ? አንቺ የምትሰሚውን የሚያምንልሽ ሰው ፈልገሽ ወደ እኔ መጣሽ። እኔ ደግሞ ምንም ሳልሰማ አመንኩሽ።

በወረቀት ላይ ጆሮ አያስፈልግም። ስትጠይቂኝ ስመልስልሽ ያው የድሮው ሰው ነበርኩ። እሱን ላለማጣት ነው የደበቅኩሽ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ወንድምሽ


የካቲት 8

ለማሙዬ፣

ደብዳቤህን ለሁለት ቀን ደጋግሜ አነበብኩት። የማነጋግረውም አልነበረም።

ፀጉር አስተካካዩ ሄደዋል። ከሆስፒታል ሲወጡ ሴት ልጃቸው መጣች፤ ራቅ ያለ ከተማ ነው የምትኖረው። "አባዬን ከእንግዲህ ብቻውን አልተወውም" አለች፤ እንዴት ተዪው እላታለሁ? ጥበቃው አዲሱን ማሽን ተሸክሞ ወረደ። እሳቸው በየደረጃው እየቆሙ አየር ይወስዳሉ።

መኪናው በር ላይ "ያጠበቡልኝን ሱሪ ነው የለበስኩት" አሉኝ።

"ያምርብዎታል" አልኩ።

"ፀጉርዎን አንድ ቀን ባስተካክልልዎ ደስ ባለኝ። እጄ እምቢ አለ እንጂ።" ቆም ብለው አየር ወሰዱ። "ያ የሚያለቅሱ የመሰለኝ ነገር... እውነቴን ነው፣ ሰው አለ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።"

መኪናው ሄደ።

አሁን ፍሪጁ ሲነሳ ድምፁ ቀጥ ያለ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሰላም መተኛት የምችልበት ቤት ሆነ፤ እኔ ግን እንደ ሞኝ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደርጋለሁ። ወዲያ ማንም የለም። ልጄ እንደገና "እኛ ጋ ነይ" አለኝ፤ አሁን እንኳ የሚፈራው አእምሮዬን ሳይሆን ብቸኝነቴን ነው። ልጆቹ ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡበት ቤት ነው፤ እዚያም ብሄድ የምውለው ከግድግዳ ጋር ነው።

ስለዚህ አንተ ና። ሳሎኑ አልጋ ይይዛል። አስበህ ጻፍልኝ፤ ብዙ አታስብ ግን።

እህትህ


መጋቢት 14

ለማሙዬ፣

እምቢታህ ደረሰኝ። ሦስት ገጽ ሙሉ! ለመምጣት ይህን ያህል አትጽፍም ነበር።

"የማይሰማ ሰው ምን ያደርግልሻል" ብለሃል። አምፖል ትቀይርልኛለህ። የላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ድስት ታወርድልኛለህ። ለቀረውም አንተ ስለማትሰማ እንደ ልቤ አጉረመርማለሁ፤ ባሌ በሕይወት ሳለ እንኳ ያላገኘሁት ነፃነት ነው።

"እንደሌላው ትደክሚያለሽ" ብለሃል። እደክም ይሆናል። ደግሜ መናገር ሲያታክተኝ እበሳጭብሃለሁ፤ አንተም ፊትህን አዙረህ ባሕር ወደሌለበት መስኮት ታያለህ። ይህ እንደማይሆን ልምልልህ አልችልም። ያን ጊዜ ወረቀት እናወጣለን። እስካሁንስ በምን ኖርን? አንተ በዚያኛው የጠረጴዛ ጫፍ፣ እኔ በዚህኛው ሆነን እንጻጻፋለን፤ ፖስታ ቤት መሄድ ይቀርልናል።

በእኔ ላይ ሸክም መሆን እንደማትፈልግም ጽፈሃል። ይህኛውን ሳነበው አለቀስኩ፤ የአሁኑስ እውነቴን ነው፣ ግድግዳው አይደለም። ማሙዬ፣ እኔ እኮ አንድ የሚከብደኝ ነገር ነው የጎደለኝ። ቤቴ ውስጥ ሁሉ ነገር ቀላል ነው። አንድ ሲኒ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ወንበር የሚሞቅ።

ልጄ አልጋውን አምጥቶ ዘርግቶታል። "አጎቴ ካልመጡስ?" አለኝ። "አልጋው ይጠብቃል" አልኩት።

እንግዲህ ቀኑን ቁረጥና ጻፍልኝ። ከአውቶቡስ ስትወርድ በግራ በኩል ካለው ትልቅ መጠለያ ሥር ቁም። እዚያ ወያላው ይጮሃል፣ መኪናው ይጮሃል፣ ሰው ሁሉ ስም እየጠራ ይጯጯሃል፤ አንተ ግን ዝም ብለህ ቁም፣ ማን ጠራኝ ብለህ አትዙር፣ አትጨነቅ። እኔ አልጠራህም። መጥቼ ትከሻህን እነካሃለሁ።

እህትህ